መብራት ከጠፋ አይቆጠርም

ሩዋንዳ ሰፈር፣ አዲስ አበባ
መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ ለሸይማ፣ ባለሽበት ዱባይ።

አሰላሙ ዓለይኪ። እንደ ማዳምሽ ሳሎን የሰፋ፣ እንደ ደሞዝሽ ያልዘገየ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ ሞት ረስቶኝ፣ ትምህርት ንቆኝ፣ እጅግ በጣም ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ።

«የተከበርሽው» ስላልኩሽ ደግሞ እንዳትኮፈሺ። ደብዳቤ አጻጻፍ የተማርኩት ሰባተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በኋላ ምንም ስላልተማርኩ እሱኑ እየተጠቀምኩ ነው። ማዳምሽ ስልክሽን ከዓርብ እስከ ዓርብ እየቆለፈች እኛንም ወደ ንጉሡ ዘመን መለሰችን። ይሄንን የምታደርስልሽ ጎረቤታችን ማዕዛ ናት። አባያ ልታመጣ ስትበር እንደተለመደው ዴራ ያለው የሐበሻ ፀጉር ቤት ታስቀምጥልሻለች። መንገድ ላይ ከፍታ እንደምታነበው ነቄ ነኝ። ማዕዛ፣ ሰላም ነው? ሽቶዬን እንዳትረሺ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ትናንት የጌም ቤቱን ጓዳ ሳጸዳ (አዎ እኔ፣ ወላሂ አጸዳሁ) ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ያንን ጀርባው እንደ እርጉዝ ሆድ የወጣ ቴሌቪዥንና የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን! ያንን ተገልብጦ ካልተኛ ሲዲ አላነብም የሚለውን! ልጥለው ስል ወንድምሽ ሀሩን ከኩላሊት እጥበት ተመልሶ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሰካው» አለኝ።

«አይሠራም እኮ።»

«ገልብጠህ ሰካው፣ ፋራ።»

ሠራ፣ ሸይሙ! ወላሂ ሠራ። ያ የኳስ ጌም፣ ያ የሚያወራው ሰውዬ በምን ቋንቋ እንደሚጮህ እስከ ዛሬ ያልታወቀው። አግዳሚው ላይ አራት ሆነን ተጣብቀን፣ ተራ ጠባቂው ከኋላ ቆሞ አንገታችን ላይ እየተነፈሰ፣ አንዱ ሳይጠየቅ «ለሱ አቀብለው! ለሱ!» እያለ ሲያሠለጥን። አውራ ጣታችን ተልጦ፣ የጆይስቲኩ ጎማ ከኛ ብሶ ተልጦ። እኔ መድረሳ ሄጃለሁ ብዬ አግዳሚው ላይ ተሰይሜ ኡስታዙ የራሳቸውን ልጅ ሊፈልጉ ሲገቡ፣ ሁለታችንንም በአንድ ጆሮ የጎተቱን ቀን ትዝ ይልሻል? ሁለት ልጅ በአንድ ጆሮ እንዴት እንደሚጎተት አትጠይቂኝ፤ ጆሮው የኔ ነበር።

የሀሩን ቤት ሕግ ሁለት ብቻ ነበር። የተሸነፈ ይከፍላል፤ ሳንቲሙን ጣሳው ውስጥ ይጥላል። መብራት ከጠፋ አይቆጠርም። አንደኛው ሕግ ለሌላው ልጅ ሁሉ፣ ሁለተኛው ለኔና ላንቺ። እኔ ልሸነፍ ስል እስላለሁ፤ አንቺ ከግድግዳው ጀርባ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቆመሽ ቆጣሪውን ጠቅ! ጨለማ! ቤቱ በጩኸት ይፈርሳል። ፊሊጶስ ወደ ውጭ ሮጦ «ሥጋ ቤቱ መብራት አለው!» ይላል። ሀሩን የዋሁ ደግሞ «የኛ ፌዝ ብቻ ነው የሄደው፣ ተረጋጉ፣ ጨዋታው አይቆጠርም» እያለ ያረጋጋል። መብራት ኃይልን በነጻ ስንት ዓመት አሰደብነው!

ትናንት በዚያ ፊቱ፣ በዚያ በተወጋ ክንዱ፣ ሀሩን አሸነፈኝ። ልሸነፍ ስል በልማድ ሳልኩ። ዞር ብሎ አየኝና «ጉንፋን ያዘህ እንዴ?» አለኝ፤ እየሳቀ። አሁንም አልነቃም!

በይ እንግዲህ፣ አንቺን ወልደው እኔን ያሳደጉ እናትሽ «እንዳትጽፍላት» ስላሉኝ እጽፋለሁ። መድኃኒቱ ተወዷል። የቻልሽውን ያህል በማዕዛ ላኪ። ለኔ ቸኮሌት ካለ አልጠላም።

በየሄድሽበት መብራት የማይጠፋብሽ ይሁን።
የጆሮው ባለቤት ሃይደር

ዱባይ
ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሃይደር፣ ለውሸታሙ።

ወዓለይከ ሰላም። አላህ ጤናና ትንሽ ልብ ይስጥህ። እማዬን፣ ሀሩንን፣ ሐጂ አብዱልገኒን፣ የግቢውን ሰው ሁሉ በስም በስማቸው ሰላም በልልኝ። ማዕዛ «አነበብኩብሽ፣ ይቅር በይኝ፣ በጣም ስላሳቀኝ ነው» ብላኛለች።

የጻፍከውን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ስስቅ ማዳም ሰማችኝና «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። የለስላሳ ሳጥንና ቆጣሪ በዓረብኛ እንዴት እንደሚባል ስላላወቅኩ «ሆዴን አመመኝ» አልኳት።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ግን እንዳትንቀኝ። የማዳም ትንሹ ልጅ አዲሱ ፕሌይስቴሽን አለው። ግድግዳውን የሚያክል ቴሌቪዥን ላይ ይጫወታል፤ ሣሩ ላይ ያለው ጤዛ ሳይቀር ይታያል። ግን ብቻውን ነው። ከኋላው ቆሞ አንገቱ ላይ የሚተነፍስ የለም። አንድ ቀን ምንጣፉን ሳጸዳ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ሰጠኝ። ሠራተኛ የማትችል መስሎት ነው። የእኔ ጌታ! ሴት ልጅ ጌም ቤት አትቀመጥም ተብዬ፣ ደንበኛ ሳይመጣ ጠዋት ጠዋት ከሀሩን ጋር ስጫወት እንዳደግኩ በምን ይወቅ? ሀሩን ያሳየኝን፣ ያቺን ኳሷን ከመስመር አስገብቶ በቀስታ ወደ ጎል የመግፋቷን ነገር ሠራሁበት። ሲሸነፍ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲሸነፍ የሚያለቅስ ሌላም ልጅ ስለማውቅ ሁለተኛውን ጨዋታ ሆን ብዬ ለቀቅኩለት። አሁን በየቀኑ በር ላይ ይጠብቀኛል።

ለሀሩን ይሄንን አንብብለት። ኮንትራቴ ሐምሌ ያልቃል። ስመጣ ሐኪም ቤት ሄጄ እመረመራለሁ። ካንድ እናት ነን፤ አንዷ ኩላሊቴ ለሱ፣ አንዷ ለኔ ትበቃናለች። አይሆንም እንደሚል አውቃለሁ፤ እሱ ሰው ሲሰጠው አይወድም። ግን እስከ ሐምሌ ይታገሰኝ። ለዚያ ብዬ ጨው መብላት ሁሉ ትቻለሁ። የመድኃኒቱን በማዕዛ ልኬያለሁ። ቸኮሌቱን ለእማዬ ስጥ፣ ከሷ ለምነህ ብላ።

አላህ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።
እህትህ ሸይማ

ሩዋንዳ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሸይሙ፣

ይሄንን ማዕዛ አታገኘውም። ጽፌ ጓዳ ቴሌቪዥኑ ሥር እወሽቀዋለሁ።

ሀሩን ሞተ። ሐሙስ ጠዋት። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ዓስር ሳይደርስ ቀበርነው። እኔ ስጽፈው ቀልድ ይመስላል አይደል? ወላሂ አይደለም።

ድንኳኑ ከሥጋ ቤቱ እስከ ግቢያችን በር ድረስ ተተከለ። ማን ያልመጣ አለ? ያኔ አግዳሚው ላይ የነበረ ሁሉ መጣ። ፂም አብቅለው፣ ልጅ ታቅፈው። ፊሊጶስ ሃያ ሁለት ሰፈር ያለው ባንክ ነው የሚሠራው፤ ባጁን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። ጌም ቤቱን ክፈትልኝ ብሎኝ ከፈትኩለት። አግዳሚው ላይ በተለመደችው ጫፍ ቁጭ አለ። «እዚህ ቤት ሳንቲም ባይኖረኝ እንኳ ውጣ ተብዬ አላውቅም» አለና ባጁን አፉ ውስጥ ከቶ አለቀሰ።

ማታ ሽማግሌያችን ሐጂ አብዱልገኒ ቤተሰቡን ሰበሰቡ። «ልጅቷ ሰው ቤት ናት። ብታለቅስ ማን ይይዛታል? ውኃ ማን ያቀብላታል? በሐምሌ ስትመጣ በጠዋት ተሰብስበን፣ ግራና ቀኝ ይዘናት እንነግራታለን። እስከዚያ አንድም ሰው ትንፍሽ እንዳይል» አሉ። እናትሽ ግድግዳውን እያዩ ነበር። ከዚያ ሐጂ ወደኔ ዞሩ።

«ሃይደር፣ ደብዳቤውን የምትጽፈው አንተ ነህ። ስትዋሽ ነው ያደግከው። አሁን ለቁም ነገር ዋሽ።»

እሺ አልኩ። ምን ልበል? ሰው ሁሉ አየኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙያዬ ተፈለግኩ።

ኩላሊትሽን ይዘሽ ልትመጪ ጨው ትተሻል። ይሄንን ያነበብኩለት ማክሰኞ ነው። «ዕብድ ናት» አለ። ወረቀቱን ተቀብሎኝ ኪሱ ከተተው። ሲያጥቡት ከኪሱ አውጥተው ለኔ ሰጡኝ።

ነገ የሚያስቅ ነገር ፈልጌ እጽፍልሻለሁ።

ሩዋንዳ
ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው፣ ለተፈራሽው፣ የማዳምን ልጅ በጌም ላስለቀስሽው እህቴ ለሸይማ።

አሰላሙ ዓለይኪ። እንደ ሃያ ሁለት ትራፊክ ረጅም፣ እንደ ቦሌ ኪራይ ከፍ ያለ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ሁላችንም ደህና ነን። ሰፈሩም ደህና ነው። ውሾቹም ደህና ናቸው።

መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። አትሳቂ። ጌም ቤቱን ለጊዜው ዘግተን ቀለም እየቀባን ነው። ቀለሙን እኔ መረጥኩ፤ አረንጓዴ። ሥጋ ቤቱ «ቤትህ ሰላጣ መሰለ» አለኝ። እኔም «አንተ ሥጋ፣ እኔ ሰላጣ፣ ምሳ ሆንን» አልኩት። ለቀልዴ ግማሽ ኪሎ ይገባኝ ነበር፤ አጥንት ሰጠኝ።

ቦሌ መድኃኔዓለም ያለው የገበያ ሕንፃ ውስጥ አዲስ የጌም ቦታ ተከፍቷል። ገንዘብ በካርድ ተሞልቶ ነው የሚገባው። ወንበሩ ይንቀጠቀጣል፣ መሪ አለው፣ ፍሬን አለው። ልጆቹ ግን አይጮሁም ሸይሙ። ሁሉም ጆሮው ላይ ነገር ደፍቶ ለየብቻው ይቀመጣል። አንዱን «ለሱ አቀብለው!» ብለው ዘበኛ ጠራብኝ።

ለሀሩን ያልሽውን አንብቤለታለሁ። «ዕብድ ናት» ብሎሻል። በጣም ተሽሎታል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀንሶለታል፤ ስለዚህ ገንዘብ አትላኪ። የላክሽውም ተቀምጦልሻል፤ ለራስሽ ጫማ ግዢበት። ጨውም ብዪ።

አላህ ይጠብቅሽ።
ሰላጣው ሃይደር

ዱባይ
ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሃይደር።

ሰላም ላንተ ይሁን፤ የእማዬንም ጉልበት አላህ ያበርታ።

ደብዳቤህ ደርሶኝ ነበር። ማዕዛ ቶሎ ሄደችብኝ። ሌላ ጊዜ ፀጉር ቤቱ ትጠብቀኝና ወሬ ታወርደኝ ነበር፤ አሁን አስቀምጣው ሄዳለች።

ሃይደር፣ ዓርብ ዓርብ እደውላለሁ። አንዱን ዓርብ «ተኝቷል» አላችሁኝ። አንዱን «መስጊድ ሄዷል»። ሌላውን ኔትወርክ ቆረጠው። እማዬ ድምፅዋ ታፍኗል፤ «ጉንፋን ነው» ትላለች። ስንት ወር የሚቆይ ጉንፋን ነው? ሰባት ዓመት አብሬው ብርድ ልብስ የተጋፈፍኩት ወንድሜ ነው፤ ድምፁን ለመስማት ቀጠሮ ያስፈልገኛል እንዴ?

የማዳም ልጅ ትናንት «ማነው ያስተማረሽ?» አለኝ። ወንድሜ አልኩት። «ከኔ ይበልጣል?» አለኝ። እጁ ላይ መርፌ ተሰክቶም ይበልጥሃል አልኩት። ይምጣና እንጋጠም አለ። ልጅ ነው፤ አውሮፕላን ከመኝታ ቤቱ ሳሎን የሚሄድ ይመስለዋል።

በስልክ መናገር የሚያደክመው ከሆነ አልቀየምም። በእጁ ይጻፍልኝ። አንድ መስመር ትበቃኛለች። ምን እንደሚጽፍ ከጠፋው ስለ ድሮው ጌም ቤት ይጻፍ። እሱን አልጋው ሥር አድርጌ እስከ ሐምሌ እገፋበታለሁ።

ገንዘቡን ለምን አትላኪ እንዳልከኝ አልገባኝም።

እህትህ ሸይማ

ሩዋንዳ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ።

አሰላሙ ዓለይኪ። እንደ አዲሱ ጫማሽ ያማረ ሰላምታ ይድረስሽ። ገዛሽ አይደል?

አቤት ስትቆጪ! ወረቀቱ እጄ ላይ ሊጮህብኝ ነበር። ሀሩን ስልክ ላይ የማይመጣው እናትሽ ስልኩን ስለማይለቁ ነው እንጂ ሌላ ምን ይኖራል? የማዳምሽን ልጅ ደግሞ ተራ ያዝ በይው። እዚህ ቤት ዓረብም ይሁን ሐበሻ ያለ ተራው አይጫወትም።

ጌም ቤቱ ተከፍቷል። ግን ልጆቹ ስልካቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። አግዳሚው ላይ ተደርድረው ይቀመጡና ሁሉም የየራሱን ይነካካል። ጆይስቲክ ስሰጠው «ይሄ ቻርጅ የሚደረገው በየት ነው?» ያለኝ ልጅ አለ። ልምታው ብዬ ዕድሜው አሳዘነኝ።

ይኸው ሀሩን በእጁ ጽፎልሻል። ክንዱ በመርፌው ምክንያት ስለሚንቀጠቀጥ ጽሑፉ ቢንጋደድ አትፍረጂበት።

«ሸይሙዬ፣ ደህና ነኝ፣ አታስቢ። ሃይደር የድሮውን ቴሌቪዥን አውጥቶ አብረን እየተጫወትን ነው። አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል፤ ያኔ መብራቱን የሚያጠፋብኝ ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም። ስትመጪ ትነግሪኛለሽ። ወንድምሽ ሀሩን።»

አየሽ? ዛሬም ይፈልገናል። በቃ ደህና ሁኚልኝ፤ ማዕዛ በር ላይ ቆማ «ጨርስ፣ አውሮፕላኑ ያባትህ አይደለም» እያለችኝ ነው።

ሃይደር

ዱባይ
ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሃይደርዬ፣

ሰላምታውን በልብህ ሙላው። እኔ ዛሬ አላውቅበትም።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆይቷል። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር እጄ እምቢ ይለኛል። ማዕዛ መጥታ ያለ መልስ የተመለሰችውም ለዚያ ነው። አትቆጣት፤ ምንም አልነገረችኝም። ፀጉር ቤቱ በር ላይ አይታኝ ፊቷን አዞረች እንጂ።

ያልነገርኩህ ነገር አለ። አደራ ተብዬ ስለነበር ነው።

ከኮምቦልቻ በመጣህ በመጀመሪያው ክረምት ነው። አባትህ ካረፉ ገና ዓመት አልሞላም። ሳጥኑ ላይ ቆሜ፣ እጄን ቆጣሪው ላይ አድርጌ ሳልህን እጠብቃለሁ። ከኋላዬ የጓዳው በር ተከፈተ። ሀሩን ነው። ደረቅሁ።

«ማነው እዚህ ያቆመሽ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ሃይደር።»

ወደ ግድግዳው ጆሮውን አስጠጋ። ያን ጊዜ አንተ ከውስጥ ሳልክ። እኔ ሀሩንን አያለሁ፤ እጄ አልንቀሳቀስ አለ። ደግመህ ሳልክ። የዚያን ጊዜ ሀሩን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ምን ትጠብቂያለሽ? ሳለ እኮ!»

አጠፋሁት። እሱ ሮጦ ወደ ውስጥ ገባና «የኛ ፌዝ ብቻ ነው የሄደው!» ብሎ ጮኸ። ያንን ሁሉ ዓመት የጮኸው እያወቀ ነው። ማታ ጠራኝና «ይሄ ልጅ ሲሸነፍ የሚሆነውን አይተሻል? ሌላ ቦታ ምን እንደሚገጥመው አላውቅም፤ እዚህ ቤት ግን አይሸነፍ። ሲስል አጥፊው። እንደማውቅም እንዳትነግሪው፤ አራዳ የሆነ ይምሰለው» አለኝ።

ስለዚህ ሃይደርዬ፣ ሀሩን መብራቱን ማን እንደሚያጠፋ አይጠይቀኝም። የተንጋደደው ጽሑፍ ያንተ ነው።

እውነቱን ለመናገር ከዚያም በፊት ገብቶኝ ነበር። በየመስመሩ ወላሂ ስትል ኖረህ ከኅዳር ወዲህ አንድ ወላሂ የለህም። ቀልደኛ ነህ እንጂ በአላህ ስም አትዋሽም። ገንዘብም አትላኪ አልከኝ። የታመመ ሰው ያለበት ቤት ገንዘብ አትላኪ አይልም። ግን ዝም አልኩ። አንተ ትስላለህ፣ እኔ መብራቱን አጠፋለሁ። ወንድሜ የለም ብዬ ካልጻፍኩ የሚቆይ መሰለኝ። የራሴንም ጨዋታ እንዳይቆጠር እያደረግኩ ነበር።

ጽሑፉን ካየሁ በኋላ ግን አልቻልኩም። ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ማሽኑን አስነስቼ አለቀስኩ። የማዳም ልጅ በሩን ከፍቶ አየኝ። ሄዶ ጆይስቲኩን አመጣና ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ገመድ የለው፣ ቴሌቪዥን የለ። አጠገቤ ዝም ብሎ ተቀመጠ። «ማን ይይዛታል» ብለው ዝም ያሰኟችሁ ሐጂ እንደሚሆኑ አውቃለሁ፤ ሰው ይዞኛል በላቸው። ትንሽ ሰው፣ ግን ይዞኛል።

ለእማዬ አውቃለች በላት። ጉንፋን ነው እያለች ለብቻዋ አትታፈን። ዓርብ እደውላለሁ፤ አብረን እናልቅስ።

አንተ ግን እንዴት እንደሆነ ጻፍልኝ። ሳትስል።

እህትህ ሸይማ

ሩዋንዳ
ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሸይሙ፣

አሰላሙ ዓለይኪ።

ሐሙስ ጠዋት ነበር። ለእጥበት ልወስደው ነው። ጌም ቤት አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እኔ ተንበርክኬ ጫማውን አስርለታለሁ። እግሩ ስላበጠ ገመዱ አልደርስ አለኝ። «አንተ ሽማግሌ፣ በዚህ እግርህ ኳስ ልትጫወት ነው?» አልኩት። «በእጄ ነው የማሸንፍህ» አለኝ። እኔ ጎንበስ እንዳልኩ ስለ ሥጋ ቤቱ የሆነ ነገር አወራሁለት። ሳይስቅ ሲቀር ጭራሽ አስረዘምኩት። ቀና ስል ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑ ተከድኗል። የተኛ መስሎኝ ድምፄን ቀነስኩ እንጂ ወሬዬን አላቆምኩም። ሁለተኛውንም ጫማ አሰርኩለት። ወላሂ ይኸው ነው። አልተሠቃየም። እኔ ብቻ ወሬዬን ሳልጨርስ ቀረሁ።

ለእናትሽ ነገርኳቸው። ዓርብ ስልኩን ይዛችሁ የሆናችሁትን ከውጭ ሆኜ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ እህል ይቀምሳሉ። ሐጂ አብዱልገኒ ግን ተቆጥተውኛል። «ውሸት እንኳ በወጉ አትችልም?» አሉኝ። አልችልም አልኳቸው።

አንቺ ሙሉ ሆነሽ ነይ። ሌላ ምንም አታምጪ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ጓዳ ሳጥኑ ላይ ተቀምጬ ነው። ያ ሁሉ ዓመት እኔ ነበርኩ የዋሁ። ጉንፋን ያዘህ እንዴ ሲለኝ እየሳቀ ነበር ብዬሽ የለ? አሁን ፊቱን ደግሜ አየዋለሁ። ምነው ያኔ ሥቄ ባቀፍኩት።

ዛሬ ጠዋት ልጆቹ ሳይመጡ ጌም ቤቱን ከፈትኩ። ያንን ፕሌይስቴሽን ገልብጬ ሰካሁት። ሁለተኛውን ጆይስቲክ እሱ በሚቀመጥበት በኩል አስቀመጥኩ። ብራዚልን መረጥኩ። ማሽኑ በጎል መራኝ። ያ ሰውዬ በማይታወቅ ቋንቋው ይጮኻል። ቤቱ ውስጥ አንገቴ ላይ የሚተነፍስ ሰው የለም። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ወላሂ ሳላስበው ነው፣ ሳልኩ። እጄን አቁሜ ወደ ግድግዳው አየሁ። ደግሜ ሳልኩ።

መብራቱ አልጠፋም።

ተሸነፍኩ፣ ሸይሙ። ተነስቼ ሳንቲሜን ጣሳው ውስጥ ጨመርኩ።

ሃይደር